ከማማ ላይ የማይታየው ሙጃ

ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የደብረ ታቦር መኪኖች ጡሩምባ እንደ ንብ ድምፅ ሆኖ በሚደርስበት ሜዳ፣ አለኸኝ የሚባል ገበሬ አለ። ክረምት ክረምት በበቆሎው መሐል ማማ ሠርቶ ወንጭፉን ይዞ ይቀመጣል። ወፍ ይጠብቃል ይባላል እንጂ የሚሠራው ሕልም ነው። ወፎቹም ስለሚያውቁት በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉለታል።

በቆሎው ውስጥ ሙጃ የሚባል ሣር አለ፤ የበቆሎ ጠላት፣ የላም ወዳጅ። አለኸኝ ሲታረም የተረፈውን ሆን ብሎ ይተወዋል፤ ዛላ ሲያወጣ፣ ዘር ሳይጥል፣ አጭዶ ለላሞቹ ሊሰጥ። ነገር ግን በየዓመቱ ሙጃው እየባሰበት ሄደ። ባለቤቱ ጸሐይነሽ ታከታት።

«ዘንድሮም ዘር ከጣለ መሬቱ ለሩዝ ነው። ማማህን አፍርሰህ ከእኔ ጋር ውኃ ውስጥ ትገባለህ» አለችው።

«ዘንድሮስ ዓይኔን አልነቅልም!»

አልነቀለምም። ደመና ከጣና በኩል እየመጣ ሲያልፍበት ማማው ታንኳ ይሆናል፤ በቆሎው እየተጠቀለለ ማዕበል ይሆናል፤ አለኸኝ ቀስ እያለ እስከ ይፋግ ገበያ ይቀዝፋል፤ ገበያተኛው ሁሉ፣ በጎቹ ሳይቀሩ፣ ተነሥተው ይቀበሉታል። ዝቅ ብሎ ሲያይ ረጃጅሙ ሙጃ ዛላ አላወጣም። መልሶ ይቀዝፋል።

አንድ ቀን ዛላው ብቅ አለ። አለኸኝ ማጭዱን ይዞ እያንጎራጎረ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ግን ማጭዱን መሬት ላይ አኖረው።

ከስንዝር የማይበልጥ ሙጃ፣ በቆሎው ሥር ተደብቆ፣ አብቦ፣ አፍርቶ፣ ዘሩን ጥሎ ጨርሷል። ጥላ ውስጥ ያለው ቀጥኖ አንዲት ዛላ ይዟል። ፍግ የደረሰው ደግሞ ሠላሳ ዛላ ተሸክሞ ገና አረንጓዴ ነው። ካንድ ዘር የበቀሉ አይመስሉም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ቀጠሮ ይወልዳል።

ጸሐይነሽ ከዳር ቆማ ረጃጅሙን ብቻ አየች። «እውነትም ደርሰህበታል! በል፣ በቆሎህ ይቆይልህ።»

ዝም ቢል ማማው የእሱ ነው። ደመናውን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ መሬቱን ዳበሰና መዳፉን ከፈተላት።

«ጥሏል፣ ጸሐይዬ። አጫጭሮቹ ቀድመውናል።»

መዳፉን አይታ ሳቋ አመለጣት። «ምን ዓይነት ሞኝ ነው የሰጠኝ! ዝም አትልም ነበር?»

«የከርሞው አረም አንቺን ያጎብጣል።»

በዓመቱ እርሻው ሩዝ ሆነ። አለኸኝ ውኃው ውስጥ አፍንጫው ሩዙን እስኪነካ አጎንብሶ ሲያርም መንገደኛ ያየዋል።

«ኸረ አለኸኝ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ዝግ በል እባክህ» ይላል ቀና ሳይል፤ «ድንክዬዎቹ ይሰሙሃል።»