ወንድሜ ስልኩን የሰጠ ዕለት

ታላቅ ወንድሜ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ከወደብ ጭነት ሊያነሳ ጅቡቲ በመጣ ቁጥር ካርቲዬ ዶ የሚባለው ሰፈር ካለችው የኪራይ ክፍሌ ምሳ ሳይበላ አይመለስም። እኔ እዚህ ልብስ እየሰፋሁ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ አገር ቤት ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ የምሰማው ከእሱ አፍ ነበር።

የዚያን ቀን ወሬው የራሱ ነበር። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛ ጨንግፎባታል። እሱ መንገድ ላይ ስለነበር ሆስፒታል ተኝታ በድምፅ መልእክት ነው የነገረችው። «ሁለት ጊዜ ሰማሁት» አለኝ። የቀረበለትን እንኳ በቅጡ አልበላም። ትንሽ ነፋስ ቢያገኝ ይሻለዋል ብዬ ሄሮን ወደሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ይዤው ሄድኩ።

ሴት ልጁ ባሕር አሳየኝ እያለች ትጨቀጭቀው ነበርና ስልኩን አውጥቶ ውሃውን አነሳ። ወዲያው ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው በፈረንሳይኛ ምን እንደሚያነሳ ጠየቀ። ባሕሩን ነው አልኩት። ከኋላችን ወዳለው የሚጠበቅ ግቢ አጥር በአገጩ ጠቆመና «ስልኩን ይክፈት» አለ።

«ለምን? ከዳኛ የተሰጣችሁ ፈቃድ አለ?» አልኩት።

እጁን ለስልኩ ዘረጋ። ወንድሜ እጄን ያዝ አድርጎ «ተይ እህቴ፣ ምን የምደብቀው አለኝ» አለና ራሱ ከፍቶ ሰጣቸው።

ሰውየው በአውራ ጣቱ ሲገፋ ቆይቶ የሾፌሮች ግሩፕ ላይ ቆመ። በፈረንሳይኛ ስለ ባለሥልጣናት የተቀለደ ነገር ነበረበት፤ ወንድሜ አልጻፈውም፣ አልመለሰበትምም። «ተነስ፣ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ» አሉት። የት እንደሚወስዱት ብጠይቅ መኪናቸው ውስጥ ከተው በሩን ዘጉና ሄዱ።

በማግስቱ ምግብ ቋጥሬ፣ የተያዘ ሰው ሁሉ ይገባበታል ወደሚባለው እስር ቤት ልወጣ ስል አከራዬ ሻሿን አስተካክላ ተከተለችኝ። አሮጊት ሶማሌ ናት፤ ሆዮ ነው የምላት፣ እናቴ እንደማለት ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም አለን። ምግቡን ግን ተቀበለ።

«የለም ካልክ ይሄን ማን ሊበላው ነው?» አለችው ሆዮ።

«ሆዮ፣ እኔ ዘበኛ ነኝ» አለ ቀና ብሎ ሳያያት።

በየቀኑ ተመላለስን። ያገኘኝ ሁሉ፣ የተሳቢው ባለቤት፣ ጓደኞቹ፣ ጎረቤቱ፣ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን አድርጎ ነው?» ሆዮ ይሄን ስትሰማ ትቆጣለች። «እነሱስ ምን እንዲያደርጉ ተፈቅዶላቸው ነው? ያን ለምን አትጠይቁም?» ትላለች። ሕግ የሚማር የእህቷ ልጅ፣ የሰው መልእክት ያለ ዳኛ ትእዛዝ እንደማይነካ በዚህም አገር በእኛም አገር ሕግ ተጽፏል አለኝ። «ታዲያ ማን ጋ ልሂድ?» ብዬ ብጠይቀው ደብተሩን አጠፈ።

አንድ ቀን ዘበኛው ምግቡን መለሰብኝ። ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ከደወሌ፣ ከድንበሩ ወዲያ፣ በሰው ስልክ ደወለ። ባሕር ለመሻገር መጥተው ከተያዙ ልጆች ጋር ጭነው ወስደው ጥለውታል። ዳኛ ፊት አልቀረበም፣ የክስ ወረቀት አላየም። ተሳቢው ለሌላ ሾፌር ተሰጥቶ ነበር።

ክረምት ላይ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሬ አገር ቤት ልጠይቀው ሄድኩ። ከስቷል። ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ ነገረኝ። አልደበደቡትም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው አምጥተው በስልኩ ያለውን ሁሉ ማስተርጎም ጀመሩ። የሚስቱም መልእክት ደረሰ። እሷ እያለቀሰች ትናገራለች፣ ሰውየው በየመሃሉ እያቆመ ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሳል፤ ይሄ ምስጢራዊ ቃል ይሆን እያሉ አንዱን ቦታ መልሰው አሰሙት። ወንድሜ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከመካከላቸው አንዱ ሳቀ።

«ለእሷ እንዳትነግሪ» ብሎ አስማለኝ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ ከ«እሺ» ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው ሆነ። ሚስቱ የላከችለትን ሁሉ ወዲያው ያጠፋል። እቤት ሲሆኑም ስለ ጨነገፈው ልጅ ካነሳች ተነስቶ ይወጣል። ሚስቱ ጅቡቲ ሌላ ሴት አለችው ብላ ደመደመች። በመጨረሻ ልጇን ይዛ አዳማ ወላጆቿ ዘንድ ገባች።

ያኔ መሐላዬን አፈረስኩ። ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። 

«ስንት ሰው ሆነው ነው የሰሙኝ?» አለች።

«አልነገረኝም» አልኳት።

«እሱ እዚያ ተቀምጦ?»

«አዎ፣ ተቀምጦ።»

ስልኩን ዘጋችው። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ልጅቷን ግን ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ አባቷ ትልካለች።