ፀሐይ የሚሞቀው ሳጥን

ልጄ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፈታታ ስትበይድ የቀለጠው እርሳስ ሸተተኝና ወንድሜ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድሜ ወልድያ ተምሮ ላሊበላ ሲመለስ፣ ከተሰበረ ሬዲዮና ከባትሪ አምፖሎች ቁጥር የሚደምር ሳጥን ሠራ። ቁጥር ሲሰጠው መልሱን አምፖል እያበራ ይነግረዋል። «እታለም፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለው በየቤቱ ይገባል» ይለኝ ነበር።

እናታችን ግን ፈራች። «የቄስ ልጅ እንደ ቀጥቃጭ ብረት ያቀልጣል? ደግሞስ ውስጡ ሆኖ የሚቆጥረው ማን ነው?» አለችና እሱ በሌለበት ጠበል አርከፈከፈችበት። አምፖሎቹ ጠፉ።

ወንድሜ አልተቆጣም፤ ሳቀ። «እምዬ፣ ሰይጣኑስ ወጥቷል፤ የቀረው ማድረቅ ነው» አላት።

በሳምንቱ ለውትድርና ወሰዱት። ሲሄድ «እታለም፣ እስክመጣ ፀሐይ ላይ አውጪልኝ» አለኝ።

ስንት በጋ አወጣሁት፣ ስንት ክረምት አስገባሁት! እሱ ግን አልመጣም።

ዛሬ ልጄ ሳጥኑን ከቆጡ ላይ አወረደችው። «እማ፣ ይሄ እኮ ደርቋል። ባትሪ ላድርግበትና ልየው?»

ሳጥኑን ተቀበልኳትና ወደ ደጅ ወጣሁ።

«ተይው ልጄ፣ ገና ትንሽ ፀሐይ ይቀረዋል።»