ሰርግ ያልነው ሮኬት

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር ሰሞን ሰበታ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ቡራዩ ተወልዶ ያደገው የፊዚክስ መምህር ባልደረባዬ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፣ «የድሮ ተማሪዎቼ ሮኬት ሠርተዋል። እሁድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይተኩሱታል፤ ሄደን እንየው?» አለኝ።

ሮኬቷ ቁመቷ ከክንድ ብዙም እንደማይበልጥ፣ ነዳጇ ውስጥም ስኳር እንዳለበት አስረዳኝ። እኔ የሰማሁት ግን «ይተኩሱታል» የሚለውን ብቻ ነው። መንገድ የሚዘጋበት፣ ጎማ የሚነድበት፣ ስልክ ይጠለፋል የሚባልበት ጊዜ ነው። በስልክ «ሮኬቱ የሚተኮሰው ስንት ሰዓት ነው?» እየተባባልን ልናወራ ነው? ተመካከርንና ሮኬቱን «ሰርግ» ልንለው ተስማማን። ሜዳው «ድንኳኑ»፣ ተማሪዎቹ «ሚዜዎቹ» ሆኑ።

ክፋቱ፣ ባልደረባዬ እናቱንም በዚሁ ቋንቋ ጋበዛቸው። «እማዬ፣ እሁድ ሰርግ አለን፤ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እሁድ ጠዋት የተከራየነው ሚኒባስ ቡራዩ ደጃቸው ሲቆም፣ እናትየው ካባ ደርበው፣ ትልቅ ድፎ ዳቦ አስይዘው፣ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ወጡ። መኪናው ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝና፣ «ቬሎሽስ?» አሉኝ።

ጉዞ ጀምረን ልጃቸው ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ዱላ የያዙ ወጣቶች ከበቡን። «ኤሳ ዴምቱ?» አለ አንዱ፣ ወዴት እንደምንሄድ ሊያውቅ።

እናትየው መስኮቱን ከፍተው፣ «ጪዻ ኢልመ ኮቲ! የልጄ ሰርግ ነው!» አሉና እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤቶቻቸው ተቀበሏቸው። ወጣቶቹ ድንጋዩን አነሱልን፤ አንደኛው እንዲያውም ከሰው አጥር ጽጌረዳ ቀጥፎ የመስታወት መጥረጊያው ላይ ሰካልን።

ትንሽ እንደሄድን ወታደሮች አስቆሙን። አለቃቸው ጽጌረዳውን አይቶ፣ «በዚህ ጊዜ ሰርግ?» አለ።

«ፍቅር ጊዜ ይመርጣል እንዴ፣ ጌታዬ?» አለው ሹፌሩ። አለፍን።

ከዚያ በኋላ ነው ልጅየው እውነቱን የነገራቸው። እናትየው በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «እና ይቺ ልጅ ማናት?»

«የሥራ ባልደረባዬ ናት።»

«ባልደረባ» አሉና ካባቸውን አስተካክለው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

ሱሉልታ ስንደርስ ተማሪዎቹን ገበሬዎች ከበዋቸዋል። ለካሜራ ያቆሙትን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አይተው መሬት ለካዮች መጡ ብለዋል። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ እኛ ቀስረው፣ «ይሄንንም ልትወስዱት ነው?» ሲሉ እናትየው ከሁላችንም ቀድመው ወረዱ።

«መሬት አይለኩም። ወደ ሰማይ የሚሄድ ነገር ነው።»

«ሰማዩንም ሊወስዱት ነው?»

«አይ አባባ፣» አለ ባልደረባዬ፣ «ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ በቃ።»

«ለምን?»

አንዱ ተማሪ ለመልስ ክብሪት አወጣ።

«እስቲ እንያት» አሉ ሽማግሌው፤ ሁላችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን። ሮኬቷ መጀመሪያ ጭስ ብቻ ተፋች። ሁሉም ከሸፈች ሲል ፉጨቷን ለቀቀችና ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣች፤ ዘመመችና ሜዳው ዳር ካለው ረግረግ ውስጥ ተሰካች። አንዲት ላም ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ፈረጠጠች። ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እናትየው ዳቦው ተይዞ የሚመለስ አይደለም ብለው እዚያው ሜዳ ላይ አስቆረሱት። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ሹፌሩ ተካፍሎ በላ። ጎረቤቶቻቸው ምን እንደነገሯቸው አላውቅም፤ ሽማግሌው እኔንና ባልደረባዬን ጎን ለጎን አቁመው በኦሮምኛ ይመርቁን ጀመር። ውለዱ፣ ክበዱ፣ ከብታችሁ ይርባ። ምርቃት አይቋረጥም። ረግረጉ ውስጥ ሮኬቷ ገና ትጨሳለች፤ እኛ አንገታችንን ደፍተን አሜን እንላለን።