የግንዱ ጉንጭ

የማርሽ ባንዱ ሰዎች «ግንዱ» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትልቁን ጡሩምባ ታቅፎ ከፊት ሲሰለፍ፣ ከኋላው ያሉት መንገዱን የሚያዩት በግራና በቀኙ አጮልቀው ነው። መቶ አርባ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ውፍረት ግን አይለውም፤ «የትንፋሽ ማስቀመጫ ነው» ይላል።

አንድ ሰሞን ቫይረስ ማስቀመጫውን ሳያስፈቅድ ገባበት። በሦስተኛው ቀን ግንዱ አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተሰክቶለት ሆስፒታል ተኛ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከሰው ይልቅ ቁጥር ታምናለች። «ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ የለም፣ ድንች የለም፣ ስኳር የለም። እንቁላል፣ ቅቤ፣ አቮካዶና ስብ ያለው ሥጋ ነው የሚበሉት» አለችው።

«ዶክተር፣ እኔን እዚህ ያደረሰኝ ስቡ አይደል እንዴ?»

«ሰውነት ዳቦና ስኳር ሲያቃጥል ብዙ የተቃጠለ አየር ይወጣዋል፤ ስብ ሲያቃጥል ያንሳል። ሳንባዎ ሥራው ይቀልለታል ብለን ነው። እንግዲህ እናየዋለን።»

እሾህን በእሾህ መሆኑ ነው። ግንዱን ያስጨነቀው ግን እንቁላሉ ሳይሆን ዓርብ ነበር። የባንዱ አለቃ ስልክ ደውሎ፣ እስከ ዓርብ ከሐኪም «ድኗል» የሚል ወረቀት ካልመጣ ትልቁ ጡሩምባ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሮታል። ወረቀቱ ደግሞ በአንዲት የላስቲክ ቱቦ እጅ ነው። በሽተኛው በሙሉ ኃይሉ እፍ ሲልባት ቀይ ምልክቷ ትሮጣለች፤ ሁለት ቀን በተከታታይ ሦስት መቶ ካለፈች ወረቀት ይጻፋል። ግንዱ የመጀመሪያ ቀን፣ ሰኞ፣ ከልቡ ነፍቶ ያገኘው መቶ ስልሳ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ጡሩምባ የነፋ ሰው ግን በቱቦ አይሸነፍም። በማግስቱ አየሩን ጉንጩ ውስጥ አጠራቀመ፤ ምላሱን እንደ ቡሽ ወተፈና በአንዴ ለቀቀው። ሳንባው ወሬውን እንኳ አልሰማም። ቀይዋ ምልክት ሁለት መቶ አርባ ላይ ቆመች፤ በሦስተኛው ቀን ሦስት መቶ አስር ገባች፤ ሐሙስ አራት መቶ ሃያ ደረሰች። ቱቦዋን የምትይዝለት ጤነኛዋ ሲስተር እንኳ ይህን ያህል ነፍታ አታውቅም።

ሚስቱ በበኩሏ ባሏ ዳቦ ተከልክሎ ማየት አንጀቷ አልቻለም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከፎጣው ሥር፣ ሁለት ትልልቅ ዳቦ ታመጣለታለች። እሱ እንቁላሉን ለጎረቤት አልጋ ይሰጥና ዳቦውን ወደ ግድግዳ ዞሮ ይገምጠዋል። ዶክተሯ በምግቧ ተአምር ተደነቀች።

«ዶክተር፣ ጣቱ ላይ የሚነበበው ኦክስጅን እኮ አልጨመረም» አለቻት ሲስተር።

«እሱ ትንሽ ይዘገያል» አለች ዶክተሯ። የሚወዱት ቁጥር ካለ፣ የማይወዱት ቁጥር ሁልጊዜ ይዘገያል።

ዓርብ ጠዋት ዶክተሯ ተአምሯን ልታሳይ ሦስት ሐኪሞች ይዛ መጣች። ወረቀቱ ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። «ለእንግዶቻችን ደረጃውን አንዴ ይውጡልን» አለችው። አሥራ ሁለት ደረጃ ነው። ግንዱ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ደረጃ በጉንጭ አይወጣም። ያን ቀን በጠዋት የመጣችው ሚስቱ ልትደግፈው ስትሮጥ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀና ዳቦዎቹ እየተንከባለሉ ሐኪሞቹ እግር ሥር ደረሱ። ዶክተሯ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች፤ እንግዶቿን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

አልጋው ላይ ተመልሶ ኦክስጅኑ ሲገባለት ሁሉንም ተናዘዘ። ሲስተር ሁለቱን ጉንጮቹን እንደ ሕፃን ቆንጥጣ ያዘችና «አሁን ይንፉ» አለችው። መቶ አርባ።

«ዛሬ ልውጣ» አለ ግንዱ እጇን ከጉንጩ አውርዶ። «ማታ አለቃው ጡሩምባውን ለሰው ይሰጥብኛል። ቤት ሆኜ እድናለሁ።»

ሚስቱ የአልጋውን ጫፍ ይዛ ቆመች። «ዓርብን አልጠበቀም፤ ሰኞ ሰጥቶታል» አለች ቀስ ብላ። «ቤት ድረስ መጥተው ወሰዱት። ልነግርህ አፌን ከፈትኩና አቃተኝ። ዳቦ ይዤልህ መጣሁ።»

ግንዱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያን ሁሉ ቁጥር የነፋው ለሌላ ሰው ጡሩምባ ነበር። አለቀሰ፤ ለማልቀስም ትንፋሽ አጠረው፤ እሷም እስኪያባራ ጀርባውን ደገፈችው። «አንተ ከተረፍክልኝ ጡሩምባው ገደል ይግባ» አለችው፤ የእሷም እንባ እየወረደ።

ምሳ ሲመጣ አራቱንም እንቁላል ሳያንገራግር በላ። በማግስቱ ሲስተር ጉንጩን ከመቆንጠጧ በፊት ራሱ አስጠግቶ ሰጣት። መቶ አርባ አምስት ነፋ። ሚስቱ በደንብ አልሰማሁም ብላ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመች።