የዘይት ፓምፑ ጥርስና የወንድሜ እግር

የወንድሜ መኪና ከካምፓላ ስለመጣች መሪዋ በስተቀኝ ነው። ጁባ ውስጥ ደግሞ የሚነዳው ቀኝ ይዞ ነው። ስለዚህ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ መንገዱ የሚታየው ለእሱ ሳይሆን በግራ ለምቀመጠው ለእኔ ነው። «ቆይ» ካልኩት ይቆያል፤ «እለፍ» ካልኩት ያልፋል። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከዚህ የበለጠ ሥልጣን የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

እስከ ዩጋንዳ ድንበር የሚወስደው የኒሙሌ መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ እግሩ አላርፍ ብሎታል፤ ሞተሩ ቱርቦ ነዋ! «እሁድ እስከ ኒሙሌ እወስድሻለሁ» ሲለኝ የምለብሰውን ከሐሙስ ጀምሬ መረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የኮንስትራክሽን ድርጅት መካኒክ የሆነው አባቴ ያረጀ ቺንጊያ ሊቀይር ብሎ የሞተሩን ፊት ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ፈታው። እግረ መንገዱን የዘይት ፓምፑን ከፈተና ጥርሶቹን እናቴ የሻይ ትሪ ላይ አስቀመጣቸው። አንዱ ሌላው ውስጥ የሚዞር ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች ናቸው፤ ዘይቱን ወደ ሞተሩ የሚገፉት እነሱ ናቸው።

«ትሪዬን!» አለች እናቴ በመስኮት። «እንግዳ ሲመጣ ሞተር ላቅርብለት?»

አባቴ እንዳልሰማ ሆነ። «ደህና ናቸው» አለው ወንድሜን። «ግን ከተጨመቀ የብረት ዱቄት ነው የተሠሩት። ሞተሩ የዙር መለኪያውን ቀይ መስመር ነክቶ ሲንቀጠቀጥ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ከዚያ ዘይት የለም፤ ሞተሩ እዚያው ሞተ። ከድፍን ብረት የተቆረጠ ጠንካራ አለ፣ ከዱባይ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ከተመቸ በሦስት ሳምንት።»

ሦስት ሳምንት! ተነሥቼ እስከ በሩ ሄድኩ። ተመለስኩ። ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ። ዝጋው፣ ዝጋው በቃ፣ እያልኩ በሆዴ።

«አባዬ፣ ደህና የሆነ ነገር ለምን ይቀየራል?» አለ ወንድሜ።

«ረጋ ብሎ ለሚነዳ ሰው አይቀየርም። እግሩ ያንተ ነው። ቀዩን ትነካለህ?»

«እኔ? ኧረ በጭራሽ!»

አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ አጠገቡ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ይነካል?»

ወንድሜ ከአባቴ ጀርባ ሆኖ ያለ ድምፅ በከንፈሩ «ኒሙሌ» አለኝ።

እኔማ አውቃለሁ። «እለፍ» ባልኩት ቁጥር ሞተሩ ድድድድ እያለ መቀመጫዬን ያንቀጠቅጠዋል፤ እኔም በደስታ እጮኻለሁ። ግን ልክ በዚያች ሰዓት፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከጭነት መኪናው ጎን እያለን ሞተሩ ቢሞትስ? ከፊት ሌላ መኪና እየመጣ? ያውም እኔ እለፍ ብዬው?

«ይነካል» አልኩ። «ሁልጊዜ። እኔም ደስ ይለኛል።»

«አንቺ ከዳተኛ!» ወንድሜ የሥራ ጓንቱን ወረወረብኝ። «ኒሙሌን በእግርሽ ትሄጃታለሽ!»

«እንግዲያው ከእንግዲህ አልነካም ብለህ ማልልኝና ልዝጋው» አለ አባቴ።

ወንድሜ በመማል ፈንታ ጥርሶቹን ከትሪው አንሥቶ አገላበጣቸውና ቀና ብሎ አየኝ፤ ልክ መንገድ ላይ እንደሚያየኝ።

«ቆይ» አልኩት።

በረጅሙ ተነፈሰ። «ማሌሽ፣ ምንም አይደል። እዘዘው አባዬ።»

እሁድ ጠዋት የመረጥኩትን ልብስ ለብሼ ማንጎው ሥር፣ ሞተሯ በተፈታ መኪና ውስጥ በግራ በኩል ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ መጣ፤ አኩርፎ ነበር። መሪውን ያዘና ፊት ለፊት እያየ፣ «ምን ይታይሻል?» አለኝ።

«የእማዬ የልብስ ገመድ። አንሶላ ተሰጥቶበታል።»

«ልለፍ?»

«ቆይ» ስለው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።