ሸረሪቷ ያልበላችባቸው ሳምንታት

ናዝሬት ዳር ባለው የእርሻ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። የተቀጠርኩት ዕቃ ላጥብ ነበር። አለቃዬ አቶ መስፍን ግን መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛቸው ወስደው አንድ የመስታወት ሣጥን አሳዩኝ። ውስጡ መዳፍ የምታህል ጸጉራም ሸረሪት ተቀምጣለች።

«እሜቴ ትባላለች። የመንግሥት ንብረት አይደለችም፤ የራሴ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ምግብ የምትሰጫት አንቺ ነሽ።»

«ምን ትበላለች?»

«ፌንጣ፤ በሕይወት ያለ። የሞተ አትነካም።»

የዚያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፌንጣው ከሸረሪቷ ሆድ መብለጥ የለበትም። በረጅም ወረንጦ ወገቡ ይያዛል፤ እግሩ ከተያዘ እግሩን ጥሎ ያመልጣል። ፊቷ ለቅቆ ክዳኑን ወዲያው መዝጋት ነው። ከዚያ የምግቧ መመዝገቢያ ካርድ ላይ «በላች» ወይም «አልበላችም» ይጻፋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ። ወር ሳይሞላ ለመድኩት፤ እሜቴ ዘላ ስትይዝ ሳላስበው አጨበጭብ ጀመር።

ፌንጣ የሚያመጡልን አትክልተኛው ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ሁሉም ሰው ጓድ በሚባልበት በዚያ ዘመን፣ ቆርቆሯቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና «አካም ቡልቴ፣ ጓዲት ሸረሪት!» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ይሏታል።

አንድ ጊዜ አቶ መስፍን ለመስክ ሥራ ሁለት ሳምንት ዝዋይ ሄዱ። በሄዱ ማግሥት እሜቴ ፌንጣውን ገፍታ ጥግ ያዘች። ቀጥሎም ሁለት ጊዜ እንዲሁ። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። አስርበሻታል እንዳልባል ፈርቼ «በላች» ብዬ ጻፍኩ። ሲርባት ትበላዋለች ብዬ ፌንጣውን እዚያው ተውኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት እሜቴ በጀርባዋ ተዘርራ አገኘኋት። ጋሽ ቶሎሳ ሲገቡ እያለቀስኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ገደልኳት!»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ምን ትሞታለች! ስትሞትማ እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች። ይቺ ዘርግታለች። ማሳ ውስጥ አይቻለሁ፤ ቆዳ እየቀየረች ነው። አንቺዬ፣ ሰው ልብሱን ሲያወልቅ እንግዳ ይገባበታል? ይሄን ፌንጣ አውጪ፣ ይነክሳታል!»

ወረንጦውን አስገባሁ። ቸኩዬ ሳትኩት፤ ፌንጣው ዘሎ ሆዷ ላይ ወጣ።

«ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ።»

በሁለተኛው ወገቡን ያዝኩት።

ከዚያ ወንበር ስበን ተቀመጥን። እሜቴ እግሮቿን ከጠባብ ካልሲ እንደማውጣት ቀስ እያለች አወጣቻቸው። ጋሽ ቶሎሳ ጮክ ብለው ቆጠሩ። «ስምንት! አንድም አልጎደለ!» ሲሉ እልል አልኩ።

አቶ መስፍን ሰኞ ተመለሱ። አሮጌውን ቆዳ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጡ ሳቁ። ከዚያ ካርዱን አነበቡ።

«በላች፣ በላች፣ በላች። ቆዳ ልትቀይር የተቃረበች ሸረሪት ትበላለች እንዴ?»

«አልበላችም። እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው።»

እስክሪብቶ ሰጡኝ። ሦስቱንም ሰርዤ «አልበላችም» ብዬ ጻፍኩ።

«ይህቺን ቃል ያየ ሰው አንድ ፌንጣ እንኳ አጠገቧ አያሳድርም ነበር» አሉ። «አሁን ጥርሷ እስኪጠነክር አሥር ቀን ምንም እንዳትሰጫት። በየቀኑም 'አልበላችም' ብለሽ ጻፊ፤ እጅሽ ይልመደው።»

አሥር ጊዜ ጻፍኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን እሜቴ ፌንጣው መሬት ሳይነካ ቀለበችው። በመስኮቱ «በላች!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጋሽ ቶሎሳ ከአትክልቱ ውስጥ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አዳዲስ ሠራተኞችን አሠልጥኛለሁ። የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ካልበላች አልበላችም ብላችሁ ጻፉ፣ ፌንጣውንም አውጡ።