ከወንበሩ የተነሡት ተቆጣጣሪ

ይህ የሆነው ካቻምና በታኅሣሥ ወር፣ ደብረ ማርቆስ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። የገና ሰሞን በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሰው የፈራበትን ቀን አይረሳም ይባላል፤ እኔ ግን የማልረሳው ፍርሃቱ እንዴት እንደ ለቀቀኝ ነው። ነገርን ከመካከሉ መጀመር ስለማልወድ ከሥሩ ልነሣ።

ያደግሁት ደጀን ነው። ኮሌጅ ጨርሼ ስመጣ የተሰጠኝ ሥራ ዘጠነኛ «መ» ክፍልን ሳይንስ ማስተማር ነበር። በትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የሚመደቡት በውጤታቸው ነው። ከፍተኛ ያመጡት «ሀ» ይገባሉ፤ ከዚያ «ለ»፣ «ሐ» እያለ ይወርዳል። «መ» የመጨረሻው ነው። ክፍሉም ከግቢው ጫፍ፣ ከማገዶ ማከማቻው አጠገብ ነበር። መምህራኑ በሻይ ሰዓት «ማገዶዎችህ እንዴት ዋሉ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት ዲሬክተሩ ቢሮ አስጠርተው ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ከአዲስ አበባ በታኅሣሥ ተቆጣጣሪ ይመጣል። «መ» ክፍል በሳይንስ ምንም የማይገባው ሆኖ ካገኘው ክፍሉ ይታጠፋል፤ ተማሪዎቹም ወደየቤታቸው ይሰናበታሉ። «አንተን አይደለም የሚመዝነው፣ አትጨነቅ» አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጨነቅሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደምለው የሚባል ተማሪ ነበር። አገሩ መርጡለ ማርያም ነው። ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣው ዳዊት ከደገመና ቅኔ ቤት ገብቶ ከቆየ በኋላ ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት ሁልጊዜ ጎኑን ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። እኔንም ከልማዱ የተነሣ «የኔታ» ይለኛል። ጢም እንኳ በቅጡ ያላበቀልኩ ልጅ «የኔታ» ስባል ክፍሉ ይስቃል፤ እሱ ግን አይስቅም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አብረን ስንወጣ፣ አባቱ የፈቀዱለት ለዚያ ዓመት ብቻ እንደሆነ አጫወተኝ። ከተሰናበተ በሬዎቹ ይጠብቁታል፤ ልጅም ታጭታለታለች። «እርሻ ጠልቼ አይደለም» አለኝ። «የጀመርኩትን ሳልጨርስ መመለሱ ነው።»

ችግሩ ሰነፍ መሆኑ አልነበረም። ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ደምለው መጽሐፉን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። የእንቅስቃሴን ሕግ ንገረኝ ስለው ተነሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ ገጹን ከላይ እስከ ታች አወረደልኝ። አንድ ቃል አልሳተም። «ሥዕል ሦስትን ተመልከት» የሚለውን እንኳ አልዘለለውም፤ የገጹንም ቁጥር ጨመረልኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው ግን፣ «እሱንማ ትርጓሜውን ገና አላስተማሩንም» አለኝ። እውነቱን ነው። በቆሎ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ንባቡ፣ ትርጓሜው ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። ጓደኞቹም ይህንኑ ከእሱ ተምረው ክፍሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ይደግም ነበር።

በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ሳልፍ ጩኸት ሰምቼ ቆምኩ። አዝመራው እየተሰበሰበ ስለነበር ጎረምሶቹ የገና ጨዋታ ጀምረዋል። የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል፤ ሩር የምትባለውን ክብ ነገር እየመቱ ከተጋጣሚው ወሰን ማሳለፍ ነው ጨዋታው። ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን ፊት ለፊት ቆሞ በግጥም ይሰድባል። የተሰደበ መልስ ካለው በግጥም ይመልሳል፣ ከሌለው ሰምቶ ይሄዳል። መቆጣት ነውር ነው። በዚያ ሰሞን ባላባት ቢሰደብም አይቆጣም።

በሜዳው ላይ ያሉት የእኔ ማገዶዎች ነበሩ። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ሁሉ እዚያ ነቅቷል። ደምለው አንዱን ጓደኛውን ይዞ ይሟገታል። የእንጨቷ ሩር ይሻላል፣ የለም ከጠፍር የተጎነጎነችው ትሻላለች፤ ገለባው የተረፈረፈበት ማሳ ላይ ሩቅ አትሄድም፣ አውድማው ላይ ግን ማን ያቆማታል፤ ይባባላሉ። ቆሜ አዳመጥኳቸው። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ላስረዳቸው የደከምኩትን ነገር እየተከራከሩበት ነበር።

ሰኞ ትምህርቱን ሜዳ ላይ ለመስጠት ዲሬክተሩን ፈቃድ ጠየቅሁ። አልወደዱትም። «ወላጅ ልጁን የሰጠን ከሜዳ ወደ ክፍል እንድናስገባለት እንጂ ከክፍል ወደ ሜዳ እንድናወጣለት አይደለም» አሉ። ተቆጣጣሪው እስኪመጣ ብቻ ብዬ ለመንኩ። በመጨረሻ፣ ለሚመጣው ነገር ኃላፊነቱን አንተ ውሰድ ብለው ፈቀዱልኝ።

በሥርዓት ጀመርኩ። መጀመሪያ አንዲቷን ሩር በአንድ ዓይነት አመታት በሦስት ቦታ አስመታሁ፤ በታጨደ ማሳ ላይ፣ በሣር ላይ፣ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ። ሴቶቹ የገና ጨዋታ ስለማይጫወቱ ዳር ቆመው ነበር። አለሚቱ የምትባለው ተማሪ «እኛስ ለመታየት ነው የመጣነው?» ብትለኝ ገመድ ሰጠኋትና ርቀቱን ለካች። ከዚያ ወዲያ ወንዶቹ ርቀት አጋንነው ሲያወሩ «ገመዱ እንዲህ አላለም» እያለች የምታሳፍራቸው እሷ ሆነች።

አውድማው ላይ ሩሯ ሩቅ ሄደች። «አውድማው ከዚህም የበለጠ ቢለሰልስስ?» አልኩ። የበለጠ ትሄዳለች አሉ። «ከዚያም፣ ከዚያም ቢለሰልስና ጭራሽ የሚይዛት ነገር ባይኖርስ?»

ደምለው ዱላውን ተደግፎ አውድማውን ከዳር እስከ ዳር አየ። «የሚይዛት ከሌለማ ምን ያቆማታል?» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ያንን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በዝግታ፣ ለራሱ፣ ቃል በቃል ደገመው። ሲጨርስ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። «የኔታ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?» አለኝ።

እንዲህ ነው አልኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣሁ። ስድቡ ይቀጥላል፤ ግን ያሸነፈው ወገን የሚሰድበው የሳምንቱን ትምህርት በግጥሙ ውስጥ አስገብቶ ነው። ትምህርቱን ያላስገባ ስድብ አይቆጠርም። የመጀመሪያውን የገጠመው ደምለው ነው።

«ሩርማ ካልመቷት ተኝታ ትውላለች፣
ያችኛዋ ቡድን ተመትታም ተኝታለች።»

ተሸናፊዎቹ መልስ ፍለጋ ምሽቱን መጽሐፍ ሲያገላብጡ እንዳመሹ በማግሥቱ ሰማሁ። መጽሐፉን ለስድብ ብለው እንኳ ቢሆን መክፈታቸው አስደሰተኝ። ስለ ኃይልና ስለ ምላሹ የሚያወራውን ምዕራፍ እንደ ጀመርን ግን ጊዜ አለቀብን። የእንጨቷን ሩር ሲመቱ ዱላው ለምን መዳፋቸውን እንደሚቆረጥም ብቻ አስረድቼ ነበር፤ ዱላው ሩሯን ሲመታ እሷም ዱላውን ትመታዋለች፣ ያውም በዚያው ልክ፣ ብዬ። ከዚያ አላለፍንም። ተቆጣጣሪው መጡ።

ጠና ያሉ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ክፍል ገብተው በእንግሊዝኛ ጠየቁ። አነጋገራቸው ከመጽሐፉ ይለያል፤ ተማሪዎቼም ከመጽሐፉ ውጭ ያለውን እንግሊዝኛ አያውቁትም። አንዱ ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። ሌላው ያልተጠየቀውን ምዕራፍ ደገመላቸው። አለሚቱ ጥያቄው ገብቷት መልሱን በአማርኛ ጀመረች፤ ዲሬክተሩ «በእንግሊዝኛ!» ቢሏት ተቀመጠች። ተቆጣጣሪው የሆነ ነገር ጻፉ። ዲሬክተሩ እኔን ላለማየት በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ሁሉ ነገር እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ሜዳ ወርደው እንዲያዩ ለመንኳቸው። ሰዓታቸውን አይተው እሺ አሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ዋሴ ወንበር ተሸክመው ወረዱና በሜዳው ዳር አስቀመጡላቸው። ተቆጣጣሪው ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጨዋታው ሲጀመርም፣ ሲያልቅም፣ አለሚቱ ገመዷን እየዘረጋች ርቀት ስትጠራም፣ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

የደምለው ወገን አሸነፈ። እንደ ልማዱ ተሸናፊዎቹ ፊት ቆሞ ሰደበ፤ ሜዳው ሳቀ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን በአገሩ ልማድ አሸናፊው ተጋጣሚውን ከጨረሰ በኋላ ዳር ተቀምጦ የሚያየውን ትልቅ ሰው ይሰድባል። ያልተሰደበ እንግዳ እንደ ተናቀ ይቆጠራል። ደምለው ዞር ሲል አየሁት፤ ወደ ወንበሩም ሲሄድ አየሁት፤ የማስቆምበት ጊዜ ግን አላገኘሁም።

«የቆመ ነገር ሁሉ ካልገፉት አይሄድም፣
የሄደም ነገር ሁሉ ካልያዙት አይቆምም፤
ከአዲስ አበባ ድረስ መኪና ያመጣው፣
ከወንበሩ ላይ ግን ማን ገፍቶ ያስነሣው?»

ማንም አልሳቀም። ዲሬክተሩ «ደምለው» ብለው አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል። እኔ ያየሁት በሬዎቹን ነው፤ መርጡለ ማርያም ቆመው የሚጠብቁትን። አያ ዋሴ ብቻ ከወንበሩ ኋላ ቆመው፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ «ገና ነው እንግዲህ፤ የሚቆጣ የለም» አሉ።

ተቆጣጣሪው ወረቀታቸውን አጣጠፉና ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይኸው ተነሣሁ» አሉት፣ በአማርኛ። «ማንም አልገፋኝም። እንግዲህ ሕግህ ፈረሰ ማለት ነው?»

ይህን አላስተማርኳቸውም። ጥያቄው ተንኮል ያለበት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ግን መምህር በዚያን ጊዜ አፉን መክፈት አይችልም። ደምለው ሰውዬውን አየ፤ ወንበሩን አየ፤ የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየ። ከዚያ ሁላችን እያየነው ቁጢጥ አለ። ቀስ ብሎ ተነሣ። እንደገና ቁጢጥ ብሎ እንደገና ተነሣ፤ አሁን እግሩን ነው የሚያየው። ከኋላ አንዱ ተማሪ «ሰገደላቸው» ብሎ አሾፈ።

«ተገፍተዋል፣ ጌታዬ» አለ ደምለው። «እርስዎ መሬቱን ወደ ታች ገፉት፤ እሱም እርስዎን ወደ ላይ ገፋዎት። ዱላችንን ሩሯ እንደምትመታው ማለት ነው። መሬት ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ተቀምጠው ነበር።»

ተቆጣጣሪው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ አድርገው እንደገና ተነሡ።

«በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ ታውቃለህ?» አሉት።

ደምለው ዓይኑን ጨፍኖ ሕጉን አወረደው። የሚቀጥለው «ሥዕል አምስትን ተመልከት» የሚለው እንደሆነ እኔም፣ ክፍሉም በሙሉ እናውቃለን፤ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። እዚያ ሲደርስ ግን ቆም አለና ዓይኑን ገለጠ።

«ሥዕሉስ እርስዎ ነዎት» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ተቆጣጣሪው ናቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ተከተላቸው፤ ዲሬክተሩም ሳይቀሩ። እኔ አልሳቅሁም፤ በዚያች ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ተቆጣጣሪው ከመሄዳቸው በፊት ክፍሉ እንደማይታጠፍ ለዲሬክተሩ በእኔ ፊት ነገሯቸው። ለእኔም የሚሠራ ነገር ተዉልኝ። «ነገሩ ገብቷቸዋል፤ እንግሊዝኛው ግን የለም። አሁን የቀረህ እሱ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ሁሉ ቀላል አልነበረም። ሁሉም ተማሪ አላለፈም፤ ሁለቱ ከፋሲካ በኋላ አልተመለሱም። ደምለው በሳይንስ ያለፈው ለጥቂት ነው። ግን አለፈ፤ አባቱም ሌላ ዓመት ጨመሩለት። ዘንድሮ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ዛሬም «የኔታ» ይለኛል፤ አሁን ግን የሚስቅ የለም።

ባለፈው ዓመት ዲሬክተሩ «ሀ» ክፍልን ልስጥህ ቢሉኝ፣ አመስግኜ «መ»ን መረጥኩ። ማገዶ ለመቀጣጠል እሳት ብቻ ነው የሚፈልገው ብዬ ለመምህራኑ መልሼላቸዋለሁ፤ በሻይ ሰዓት ከዚያ ወዲህ ስለ ማገዶ የሚያነሣ የለም።

አሁን ይህን የምጽፈው ከክፍል ወጥተን ከሜዳው እንደተመለስን ነው። ታኅሣሥ ገብቷል፤ አዲሶቹ ተማሪዎቼም መሳደብ ጀምረዋል። ደስ ብሎኛል። ዲሬክተሩም ዛሬ መጥተው ነበር። አያ ዋሴ ወንበር ላምጣ ቢሏቸው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ቆመው ማየት እንደሚሻላቸው ነገሯቸው።